ማሸጊያው ለማን ነው የተሠራው? ለአምራቾች፣ ለላኪዎችና ለደረጃ አውጪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ዕቃ ለሚያመርቱ፣ ለሚያሽጉና ለሚልኩ ድርጅቶች፤ እንዲሁም የማሸጊያ ደረጃ ለሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከልክ ያለፈና ለመክፈት የሚያስቸግር ማሸጊያ እንዲቀነስ ስለመጠየቅ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለስልኬ የምትሆን ሚሞሪ ካርድ በኢንተርኔት አዝዤ ነበር። ካርዷ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አትበልጥም፤ ክብደቷም አንድ ግራም አይሞላም። የመጣችልኝ ግን አንድ ጥንድ ቦት ጫማ በሚይዝ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ስከፍተው በአየር የተነፉ የላስቲክ ከረጢቶች ተደርድረው አገኘሁ። ከረጢቶቹ የተቀመጡት ካርዷ እንዳትሰበር አልነበረም፤ ካርቶኑ ለካርዷ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የተረፈውን ቦታ የሚይዝ ነገር ስላስፈለገ ብቻ ነው። ከእነሱ ሥር ደግሞ ከመዳፌ የሚሰፋ፣ ዙሪያውን በሙቀት የተበየደ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር፤ ለመክፈቻ የሚሆን ጫፍም ሆነ ቀዳዳ የለውም። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ ቢላ አነሳሁ። ቢላው ሳይሆን የተቆረጠው የፕላስቲኩ ጠርዝ የግራ እጄን ጣት ሸረከተው።

ቁስሉ በሦስተኛው ቀን ስለደረቀ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ቁስሉ አይደለም። ያጻፈኝ ካርዷን ስልኬ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ክምር ነው። የገዛሁት ነገር ከዓይን ተሰውሯል፤ ያልገዛሁት፣ ያልጠየቅሁት፣ የማልፈልገው ነገር ግን የቆሻሻ ቅርጫቴን አፉ ድረስ ሞላው። እሱን መበጣጠስ፣ መለየትና ማስወገድ የእኔ ሥራ ሆነ። ያን ጊዜ ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ አሁን ለእናንተ የማቀርበው ነው፤ ይህ ማሸጊያ ሲታቀድ በሐሳባችሁ የነበረው ሰው ማን ነው?

እኔ ጎልማሳ ነኝ፤ እጄም ጤነኛ ነው። አባቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩና ዛሬ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ የሚያማቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለእጅ ባትሪያቸው ድንጋይ ገዝተው፣ ድንጋዮቹን ከማሸጊያው ማውጣት አቅቷቸው እኔ እስክመጣ ድረስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ይህን የሸጡልን እንድንገለገልበት ነው ወይስ እንድናየው?» አሉኝ። አነጋገራቸው ቢያስቀኝም ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። ትልልቅ ማሽኖችን ፈትቶ ሲገጥም የኖረ ሰው በአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ምክንያት የሌላ ሰው እጅ ጠባቂ ሲሆን፣ የሚሰማውን ስሜት ማንም የሽያጭ ሪፖርት አይመዘግበውም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ለዚህ ዓይነቱ ብስጭት «ራፕ ሬጅ» የሚል ስም እስከ ማውጣት ተደርሷል፤ ስም የወጣለት ችግር ደግሞ የአንድና የሁለት ሰው ችግር እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ከመውቀሴ በፊት ምክንያታችሁን ለመረዳት ሞክሬያለሁ። በሙያችሁ ብሊስተርና ክላምሼል የምትሉት ይህ ደረቅ ፕላስቲክ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ዕቃው በሱቅ ግድግዳ ላይ እንዲንጠለጠል፣ በሁሉም በኩል ሳይነካ እንዲታይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንሽና ውድ የሆነ ዕቃ በቀላሉ ኪስ ውስጥ ገብቶ እንዳይሰረቅ ያደርጋል። ሌባን ያሰበ ማሸጊያ ሰፊ፣ ጠንካራና በእጅ የማይቀደድ መሆን አለበት። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሱቁ ጥቅሞች ናቸው፤ ገንዘቡ እንደተከፈለም ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ የሌባው ፈተና ለገዢው ይተላለፋል። ሌባው ማሸጊያውን አይቶ ሲመለስ ከፋዩ ግን ይዞት ቤቱ ይገባል።

በኢንተርኔት ለሚሸጥ ዕቃ ደግሞ ይህ ምክንያት እንኳ የለም። መደርደሪያ የለም፣ ማንጠልጠያ የለም፣ ዕቃውን በኪሱ ሸሽጎ የሚወጣ ሰውም የለም፤ ገዢው የሚያየው ፎቶግራፍ ነው። እንዲያም ሆኖ ያው ለሱቅ ግድግዳ የተሠራው ፕላስቲክ በሌላ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይላካል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው። በሱቅ ያለው ጥበቃ ሳይቀነስ የጉዞው ጥበቃ ተጨመረበት፤ ሁለቱንም የመክፈት ዕዳ የገዢው ሆነ።

ማሸጊያ ልማድ ከሆነ በኋላ ምክንያቱ ቢሞት እንኳ ሳይቀበር ለዓመታት እንደሚቆይ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ፤ (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የሙዚቃ ሲዲ በሰሜን አሜሪካ መሸጥ ሲጀምር ሲዲው የራሱ የፕላስቲክ ቤት እያለው፣ ከእሱ እጥፍ በሚረዝም የካርቶን ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሱቆቹ የነበራቸው መደርደሪያ ለትልልቁ የሸክላ ዲስክ የተሠራ ስለነበር አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው መደርደሪያ ጋር እንዲገጥም ነው፤ ስርቆትን ለመከላከልም ይረዳ ነበር። ገዢው ሣጥኑን ቤቱ ገብቶ ወዲያው ይጥለዋል። ሸማቾችና ሙዚቀኞች ስለ ብክነቱ ካማረሩ በኋላ ኢንዱስትሪው በ1993 ሣጥኑን ተወው። የሲዲ ሽያጭ በዚህ ምክንያት አልቆመም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለዓመታት አደገ። በ2008 ደግሞ ትልቁ የኢንተርኔት ነጋዴ አማዞን «ያለ ብስጭት የሚከፈት ማሸጊያ» ብሎ በጥቂት ዕቃዎች ላይ አንድ አሠራር ጀመረ፤ ዕቃው ያለ ደረቅ ፕላስቲክ፣ አሻንጉሊትን ከካርቶን ጋር የሚያስረው ጠምዛዛ ሽቦም ሳይኖር፣ በቀላሉ በሚከፈት ካርቶን እንዲላክ የሚያደርግ ነው። ይህን የማነሳው ድርጅቱን ለማመስገን አይደለም፤ የሱ ካርቶኖችም ስፋት ብዙ ሲያነጋግር ኖሯል። ነገሩ የሚቻል መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን እንዳለፈ ለማሳሰብ ነው።

ማሸጊያ ሁሉ ይቅር የሚል ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ እለምናለሁ። ማሸጊያ ሕይወት እንደሚያድን አውቃለሁ። በ1982 በቺካጎ አካባቢ ያልታወቀ ሰው የሕመም ማስታገሻ እንክብሎች ውስጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮ ሰባት ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የተነካ ዕቃ ለዓይን እንዲታወቅ የሚያደርግ ማኅተም በመድኃኒት ጠርሙሶች ላይ ግዴታ ሆነ። በዚያች አገር ሕፃናት መድኃኒትና መርዛማ ኬሚካል በቀላሉ እንዳይከፍቱ የሚያደርገው ሕግ ደግሞ የወጣው በ1970 ነው። ስለ እነዚህ ማንም አያማርርም፤ እኔም አላማርርም።

ነገር ግን ከዚያው የሕፃናት መከላከያ ደንብ አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኛል። ማሸጊያው የሚፈተነው በሕፃናት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 ዓመት በሆኑ አዋቂዎችም ጭምር ነው፤ ከእነሱም ቢያንስ 90 በመቶው ከፍተው መልሰው መዝጋት ካልቻሉ ማሸጊያው ፈተናውን አያልፍም። ሕፃን የማይከፍተው፣ ሽማግሌ ግን የሚከፍተው ክዳን መሥራት ከተቻለ፣ ሌባ ኪሱ የማይከተው፣ አባቴ ግን የሚከፍቱት የባትሪ ድንጋይ ማሸጊያ መሥራት እንዴት ያቅታል? አልተሞከረም እንጂ አያቅትም። ለመድኃኒቱ ጠርሙስ የሰው እጅ ተጠይቋል፤ ለባትሪው፣ ለቻርጀሩ፣ ለጥርስ ብሩሹና ለመቀሱ ግን ማንም እጅ አልተጠየቀም። (አዎን፣ መቀስ ለመክፈት መቀስ የሚያስፈልግበት ማሸጊያ አለ፤ የመጀመሪያውን መቀስ በምን እንደምንከፍት የነገረን የለም።) ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2015 ስለ ማሸጊያ አከፋፈት ቀላልነት ብቻ የሚናገር፣ በ17480 ቁጥር የሚታወቅ ደረጃ አውጥቷል። መሣሪያው በእጃችሁ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ የሚከተለው የፈለገ ብቻ መሆኑ ነው።

ከመክፈት ችግር ቀጥሎ የማነሳው የማታለልን ጉዳይ ነው፤ ቃሉ ከባድ መሆኑን እያወቅሁ ነው የምጠቀምበት። ቁመቱና ስፋቱ ብዙ የሚያስመስል፣ ሲከፈት ግን ግማሹ ባዶ የሆነ ሣጥን፤ ታቹ ወደ ውስጥ የተጎደጎደ የቅባት ዕቃ፤ ግድግዳው ሁለት ድርብ ሆኖ መሃሉ አየር ብቻ የሆነ ማሰሮ። እንዲህ ያለውን ነገር አማርኛችን «ላዩ ሲታይ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ» ይለዋል። ባዶ ቦታ ሁሉ ማታለል እንዳልሆነ እረዳለሁ። ዱቄትነት ያለው ነገር በጉዞ ላይ ይሰክናል፤ የሚሰበር ነገር ከግጭት የሚጠብቀው አየር ያስፈልገዋል፤ የማሸጊያ ማሽኑም አፉን ለማጣበቅ ጥቂት ክፍተት ይፈልጋል። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ይህን ለይቶ፣ ሥራ ያለው ባዶ ቦታ እንዲፈቀድ፣ ሥራ የሌለው ግን አሳሳች ማሸጊያ እንዲባል አድርጓል። ልዩነቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የድርብ ግድግዳውን ሥዕል የሣለው ሰው ግድግዳው ምን ሥራ እንዳለው አሳምሮ ያውቃል።

የይዘት መቀነስም የዚሁ ዘመድ ነው። ሣጥኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ዋጋው ያው፤ በማዕዘኑ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የተጣራ ክብደት ብቻ ዝቅ ብሏል። ዋጋ መጨመር የንግድ ሥራ ነው፤ ገዢውም አይቶ ይወስናል። ክብደትን ዝም ብሎ መቀነስ ግን የገዢውን ትዝታ እንደ መስረቅ ያለ ነገር ነው፤ ባለፈው የገዛነው ስንት ግራም እንደነበረ ጽፎ የሚያስቀምጥ ማን አለ? ፈረንሳይ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች ይዘቱ ቀንሶ፣ በኪሎ ወይም በሊትር ሲሰላ ግን ዋጋው የጨመረ ዕቃ ሲሸጡ፣ ይህንኑ በዕቃው አጠገብ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። ባለሱቁ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር አምራቹ ራሱ በማሸጊያው ፊት ላይ ቢጽፈው ምን ይጎድልበታል?

ስለ ካርቶኑ ስፋት ትንሽ ሒሳብ ላቅርብ። የመጣልኝን ካርቶን ለክቼዋለሁ፤ ርዝመቱ 35፣ ስፋቱ 25፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ቀላልና ሰፊ ዕቃን በክብደቱ ሳይሆን በያዘው ቦታ ያስከፍላሉ፤ በብዙዎቹ ዘንድ የተለመደው ስሌት ሦስቱን ልኬቶች አባዝቶ ለ5000 ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም የማትሞላው ካርዴ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ እንደሚመዝን ዕቃ ትቆጠራለች። ታዲያ ላኪው ራሱ ከሚጎዳ ለምን አያሳንሰውም? መልሱ፣ ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች እንደተረዳሁት፣ የመጋዘን ፍጥነት ነው። ብዙ ዓይነት ካርቶን ማስቀመጥ ቦታ ይይዛል፤ ሰዓት የሚቆጠርበት ሠራተኛም በአጠገቡ ያገኘውን ካርቶን ያነሳል፤ የቀረውን በአየር ይሞላዋል። ሠራተኛውን አልወቅስም። የካርቶኑን ዓይነትና የሰዓቱን ልክ የወሰነው እሱ አይደለም። በካርቶኑ ጎን ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ለተፈጥሮ እናስባለን» የሚል ጽሑፍ እንዲታተም የወሰነውም እሱ አይመስለኝም።

የላስቲክ ከረጢቱን በተጨማደደ ወረቀት መተካት ብቻውን መልስ እንዳልሆነም በዚሁ ልጨምር። ካርቶኑ ያው ከሆነ መኪናው የሚጭነው አየር ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩን የሚከበው ነገር ነው።

ወደ ቆሻሻው ልመለስ። በየማሸጊያው ላይ ቀስቶች ተያይዘው የሚዞሩበት ሦስት ማዕዘን፣ መሃሉም ላይ ቁጥር ታትሞ እናያለን። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ ዕቃው ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውል ያምናል፤ እኔም ለዓመታት አምኜ፣ እያጠብኩና እየለየሁ አስቀምጥ ነበር። ቁጥሩ ግን በ1988 በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው ያወጣው፣ ፕላስቲኩ ከየትኛው ዓይነት እንደተሠራ ብቻ የሚገልጽ ምልክት ነው። ደረጃውን የሚያስተዳድረው አካል ራሱ በ2013 ቀስቶቹን አንስቶ ተራ ሦስት ማዕዘን እንዲሆን አድርጓል፤ እንዲያም ሆኖ አሮጌው ምልክት ዛሬም በብዙ ማሸጊያ ላይ አለ። በውስጡ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና ወረቀት ተደራርበው የተጣበቁበት ከረጢት ደግሞ፣ እኔ ምንም ያህል ብለየው፣ ንብርብሮቹን መልሶ ማላቀቅ ለፋብሪካም ከባድ ነው። በ2017 የታተመ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ ሁሉ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ገምቷል። የሸማቹን ስንፍና ከመውቀሳችን በፊት የቀረው በምን ዓይነት መልክ ተሠርቶ እንደተሰጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ በገዢው ጥሩነት ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም የምለው። ማሸጊያውን የሚመርጠው አንዱ፣ የሚከፍተው ሌላው፣ የሚያስወግደውም ሌላው ሲሆን መራጩ የሚቀንስበት ምክንያት አይኖረውም። ጀርመን በ1991 ባወጣችው ደንብ ገዢው የውጭውን ማሸጊያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ፈትቶ ጥሎ እንዲሄድ መብት ሰጥታ ነበር። ይህን አሠራር የወደድኩት ቅጣት ስላለበት አይደለም፤ ክምሩ ጠረጴዛዬ ላይ ሳይሆን ዕቃውን ባዘዘው ነጋዴ ፊት ስለሚቀር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2025 በሥራ ላይ ባዋለው አዲስ ደንብ ከ2030 ጀምሮ በመላኪያ ካርቶን ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከግማሽ እንዳይበልጥ፣ ይዘትን ለማስመሰል የሚሠሩ ድርብ ግድግዳዎችና ሐሰተኛ ታቾችም እንዲቀሩ ወስኗል። የመሙያ ወረቀትና በአየር የተነፋ ከረጢትም እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠራሉ፤ ይህ ቁም ነገር ያለው ድንጋጌ ነው። ግማሽ ባዶ መፈቀዱ ግን ለእኔ ሰፊ ነው የሚመስለኝ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። እናንተ አምራቾች አንድን ማሸጊያ ከማጽደቃችሁ በፊት ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ጥቂት ሰዎች ያለ ቢላና ያለ መቀስ ሰጥታችሁ ተመልከቱ፤ መከፈቻውንም የማሸጊያው ትርፍ ሳይሆን አካል አድርጉት። በኢንተርኔት ለሚሸጠው ዕቃ ከሱቁ የተለየ፣ ቀላል ማሸጊያ ይኑራችሁ። ማሸጊያው በተቻለ መጠን ከአንድ ዓይነት ነገር ይሠራ፤ ወረቀትና ፕላስቲክ ተጣብቀው ከሚመጡ ይልቅ በእጅ የሚላቀቁ ይሁኑ። ይዘት ስትቀንሱ ደግሞ የቀድሞውንና የአሁኑን ክብደት ጎን ለጎን፣ የዕቃው ስም በተጻፈበት ገጽ ላይ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል ጻፉት።

ደረጃ አውጪ መሥሪያ ቤቶችን የምለምነው ደግሞ የአከፋፈት ቀላልነት ደረጃው የፈለገ ብቻ የሚከተለው ከመሆን ወጥቶ፣ ቢያንስ ሰው በየዕለቱ ለሚገለገልባቸው ዕቃዎች ግዴታ እንዲሆን ነው። መልሶ ጥቅም ላይ መዋልን የሚያመለክት ምልክትም ዕቃው በሚሸጥበት ቦታ በእርግጥ ለሚሰበሰብ ነገር ብቻ ይፈቀድ። የባዶ ቦታን ጣሪያ ስትወስኑ በገደቡ ላይ የሚያጉረመርመውን ድርጅት ብቻ ሳይሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚበጣጥሰውን ሰውም ጥሩና ስሙት፤ በስብሰባችሁ ጠረጴዛ ላይም ጥቂት ያልተከፈቱ ዕቃዎች አስቀምጡና ከሻይ ዕረፍት በፊት ራሳችሁ ክፈቷቸው።

የሚሞሪ ካርዷን ማሸጊያ ከነካርቶኑና ከነአየሩ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ እንዲሆን የወሰነው ክፍል አድራሻውን ቢያሳውቀኝ ሁሉንም መልሼ እልክለታለሁ፤ የመላኪያውንም ሒሳብ፣ ለባዶው ቦታ የሚጠየቀውን ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምሮ፣ እኔው እከፍላለሁ። አባቴ ደግሞ አንድ ያልተከፈተ የባትሪ ድንጋይ እሽግ እንድጨምርበት ሰጥተውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሸማች

ግልባጭ፦ ለሸማቾች ማኅበራት